ሳንጠየቅ የተወሰነብን፦ የኩኪ አጭር ታሪክ

ድረ ገጽ በከፈትን ቁጥር «ኩኪ እንጠቀማለን፤ ይስማማሉ?» የሚል ጥያቄ ይደቀንብናል። አብዛኞቻችንም ሳናነብ እሺ ብለን እናልፋለን። እኔ ግን ጥያቄው ምን ያህል ዘግይቶ እንደመጣ ጥቂት ማለት እወዳለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው በ1994 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ኔትስኬፕ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በዚያን ዘመን ድረ ገጽ ጎብኚውን የሚያስታውስበት አስተማማኝ መንገድ አልነበረውም፤ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው የተሻገረ ሰው ለሰርቨሩ ሁልጊዜ አዲስ እንግዳ ነበር። ታዲያ በኢንተርኔት ሱቅ ቢከፈት ገዢው የመረጠውን ዕቃ ማን ያስታውስለት? ወጣቱ መሐንዲስ ሉ ሞንቱሊ መላ ዘየደ። ሰርቨሩ አጭር የጽሑፍ ምልክት ይሰጣል፤ ብሮውዘሩም ምልክቱን በጎብኚው ኮምፒውተር ላይ አኑሮ በተመለሰ ቁጥር ያሳያል። ምልክቱ ለሰጠው ድረ ገጽ ብቻ እንዲመለስ የተደረገውም ሰው ከገጽ ወደ ገጽ እንዳይከታተሉት ታስቦ ነበር።

ይሁንና ቀዳዳ ተገኘ። በአንድ ገጽ ላይ የሚወጣው ማስታወቂያ ከሌላ ኩባንያ ሰርቨር ስለሚመጣ፣ ያም ኩባንያ የራሱን ኩኪ ይተዋል። ይኸው ኩባንያ በሺህ ገጾች ላይ ካስተዋወቀ አንድን ሰው በሺህ ቦታ ያየዋል። ይህ የሦስተኛ ወገን ኩኪ ይባላል።

በ1997 ዴቪድ ክሪስቶልና ራሱ ሞንቱሊ ያዘጋጁት የኢንተርኔት መሐንዲሶች ደንብ፣ ተጠቃሚው ካልፈቀደ በቀር ብሮውዘሮች እንዲህ ያለውን ኩኪ እንዳይቀበሉ አሳሰበ። ኔትስኬፕም ማይክሮሶፍትም ምክሩን አልተቀበሉትም። በእኔ እምነት የታሪኩ መታጠፊያ ይህ ነው። ሰው በብዛት የማይነካውን ነገር ክፍት አድርጎ መተው በሕዝብ ስም መወሰን ነውና።

ከዚያ በኋላ ያየነው ሁሉ መዘዙ ነው። በ2000 የዋይት ሀውስ የአደንዛዥ ዕፅ ቁጥጥር ቢሮ በማስታወቂያ ኩባንያ ኩኪ ጎብኚዎችን እንደሚከታተል ተጋለጠ፤ መንግሥትም በፌዴራል ድረ ገጾች ላይ ገደብ ጣለ። በ2013 ደግሞ ኤድዋርድ ስኖውደን ያወጣቸው ሰነዶች የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ዒላማዎቹን ለመለየት በጉግል ኩኪ ይጠቀም እንደነበር አሳዩ። ለነጋዴ የተሠራ ምልክት ለሰላይም ያገለግላል ማለት ነው!

የአውሮፓ ኅብረት በ2009 ባሻሻለው መመሪያ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠየቅ አዘዘ፤ ያ አሰልቺ ጥያቄም የተስፋፋው በዚሁ ነው። ፋየርፎክስ በ2019 የታወቁ ተከታታዮችን ኩኪ፣ ሳፋሪ በ2020 የሦስተኛ ወገን ኩኪዎችን በሙሉ ሳይጠየቁ መዝጋት ጀመሩ። ጉግል ግን በ2020 ከክሮም አስወግዳለሁ ያለውን ቃል በ2024 አጠፈ። ብሮውዘሩም የማስታወቂያው ገበያም የእርሱ መሆኑን ልብ ይሏል።

ስለዚህ በክሮም የሚጠቀም አንባቢ ወደ ማስተካከያው ገብቶ የሦስተኛ ወገን ኩኪን ራሱ ይዝጋ፤ አልፎ አልፎ አንዳንድ ገጽ ቢበላሽበት ለዚያ ገጽ ብቻ መፍቀድ ይቻላል። ኩኪዎቹን በሙሉ የሰረዘ ሰው በየድረ ገጹ የይለፍ ቃሉን እንደገና መጻፍ ይኖርበታል። «የግል» የሚባለው መስኮትም ሲዘጋ ኩኪዎቹን ያጠፋል እንጂ ጎብኚውን ከኢንተርኔት አቅራቢው አይሰውረውም።