የፈተና ማግሥት፦ ስለ መውደቅ፣ ስለ መከለስና ስለ ሐኪሞቻችን

ሐዋሳ ላይ ለመምህራንና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ

የታሪክ ሰው በሐኪሞች መካከል ቆሞ ስለ ሕክምና ፈተና ሊናገር ሲነሣ አስቀድሞ ይቅርታ መጠየቅ ይገባዋል። እኔም እጠይቃለሁ። የምናገረው ግን ስለ ሕክምናው አይደለም፤ ስለ ፈተናውም ቢሆን ጥቂት ነው። ጉዳዬ የፈተናው ማግሥት ነው።

ባለፈው ወር አንድ እሑድ ጠዋት ወደ አሞራ ገደል ወርጄ ነበር። ቦታውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጀልባዎቹ ከሐይቁ ተመልሰዋል፤ ቀረሶውና አምባዛው ይጸዳል፤ አባ ኮዳዎቹም እንደ ልማዳቸው የሚጣልላቸውን እየጠበቁ በሰው መካከል ይንጎራደዳሉ። ከጥብሱ ጭስ ራቅ ብሎ፣ ከአንድ ዛፍ ሥር፣ አራት ወጣቶች ጥግ ጥጉ የተበላ የጥያቄ ጥራዝ ዘርግተው ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ብድግ ብላ ሰላም አለችኝ። በመጀመሪያ ዓመቷ የታሪክ ትምህርት አስተምሬያት ነበር፤ ሕክምና መግባቷንም ሰምቼ ነበርና «እንዴት ነሽ ዶክተር?» አልኋት። ዓይኗን ወደ መሬት ጣለችና «ጋሼ፣ ገና አይደለሁም» አለችኝ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ተመርቃለች፤ ጋዋኑን ለብሳ ከእናትና ከአባቷ ጋር ፎቶግራፍ ተነሥታለች። የሙያ ፈቃድ መመዘኛ ፈተናውን ግን አላለፈችም። አራቱም አላለፉም። አባቷ በሚኖሩበት ቀበሌ ገበያተኛው ሁሉ «የዶክተሯ አባት» ይላቸዋል። ውጤቱ ከተነገረ ወዲህ አገር ቤት አልሄደችም። በስልክ ሲጠይቋት «ውጤት ገና አልመጣም» ትላቸዋለች። ይህችን አነጋገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ለምን አሞራ ገደል? ብዬ ጠየቅኋቸው። መልሱ ቀላል ነበር። ሲመረቁ ክሊራንስ አስፈርመዋል፤ መታወቂያቸውን መልሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ቤተ መጻሕፍት መግባት አይችሉም። ሆስፒታልም ያለ ፈቃድ አይቀጥራቸውም። ከየት እንደተመረቁ አልናገርም፤ ለነገሬም አያስፈልግም። የሚያስፈልገኝ ይህ ነው፦ ስድስትና ሰባት ዓመት ከአንድ ተቋም ግቢ ያልወጣ ሰው፣ በአንድ ማለዳ የየትኛውም ተቋም ሰው ሳይሆን ይቀራል። ተማሪ አይደለም፤ ሐኪምም አይደለም።

የታሪክ ባለሙያ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው «ሁልጊዜ እንዲህ ነበርን?» ብሎ መጠየቅ ልማዱ ነው። እኔም ያንን ጥያቄ ይዤ ወደ አሮጌው ትምህርት ቤታችን ልመለስ።

በአብነት ትምህርት ቤት «ማስመስከር» የሚባል ሥርዓት አለ። ድጓን በአንድ ደብር ጠንቅቆ የተማረ ደቀ መዝሙር ትምህርቱ በዚያ አይፈጸምለትም፤ ወደ ቤተልሔም ሄዶ በዚያ ባለው መምህር ፊት ማስመስከር አለበት። የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ደግሞ ዙር አምባ ነው። ልብ ብላችሁ ብታዩት ይህ በዛሬው ቋንቋ የብቃት ምዘና ነው። ያስተማረው አንድ ሰው፣ የሚመዝነው ሌላ ሰው ነው፤ ምስክር ያልሆነ ሰው ወንበር ዘርግቶ ቢያስተምር አይታመንም። እንግዲህ የውጭ ፈታኝ የሚባለውን ነገር ትናንት ከባሕር ማዶ ያመጣነው አድርገን ባናስብ ጥሩ ነው።

ልዩነቱ የሚገለጠው ተማሪው ጎድሎ ሲገኝ ነው። ጎድሎ የተገኘው ደቀ መዝሙር ይከልሳል። ቀለሙን ከዚያው ከመስካሪው እግር ሥር ተቀምጦ፣ ቀድመውት በገቡ አስቀጻዮች እየታገዘ ይከልሳል። የመዘነው ያስተምረዋል። በቅኔ ቤትም ተማሪው የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ ማግሥቱን ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። ስሕተት የዕለት ሥራ እንጂ የዓመት ፍርድ አይደለም። የአብነቱን ዓለም የቃላት ሀብት ስናየውም «መከለስ»፣ «ማቅናት»፣ «ማረም» የሚሉት ቃላት የሚይዙት ቦታ ሰፊ ነው።

ያን ዘመን ላስውበው አልፈልግም። የቆሎ ተማሪ ቁራሽ ለምኖ ያድራል፤ ውሻ ይነክሰዋል፤ በተስቦ ይሞታል። ትምህርቱን ሳይፈጽም የቀረው ብዙ ነው። ሴቶችም እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ካሉ ጥቂት የቅኔ ሊቃውንት በቀር በሩ አልተከፈተላቸውም፤ ከዛፉ ሥር ያገኘኋት ልጅ በዚያ ዘመን ተወልዳ ቢሆን የሚፈትናት እንኳ ባልተገኘ ነበር። የምለው፣ በሌላ ብዙ ነገር ጨካኝ የነበረ ሥርዓት በዚህ በአንዱ ነገር ከእኛ ይልቅ አስቦበት ነበር ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ሲስፋፋ ሁለት ትልልቅ በሮች ቆሙ፤ የስምንተኛ ክፍል «ሚኒስትሪ» እና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል «ማትሪክ»። በእነዚህ በሮች ዙሪያ ሕዝቡ የፈጠረው አነጋገር ለእኔ ከብዙ ሰነድ ይበልጣል። «ማትሪክ መጣለት» ይላል፤ ያልሆነለትን ደግሞ «አልመጣለትም» ይለዋል። ውጤት እንደ ዝናብ ይመጣል፣ ወይም ይቀራል። «ወደቀ» የሚለው ጨካኝ ቃል ፊት ለፊት ላለመነገር ሲባል ስንት ጊዜ በዚህ ተሸፍኖ አልፏል! ያቺ ልጅ ለአባቷ «ውጤት ገና አልመጣም» ስትል ሙሉ በሙሉ ዋሸች ለማለት የማልደፍረው ለዚህ ነው።

ማትሪክ ላልመጣለት ወጣት በንጉሡ ዘመን ሌሎች በሮች ነበሩ፤ የመምህራን ማሠልጠኛ፣ ፖሊስ፣ ጦር ሠራዊት፣ በየሆስፒታሉም የድሬሰርነት ሥልጠና። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት መካከል ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ በሆኑ ጊዜ መንግሥት ራሱ ደንግጦ የአቅም ማሻሻያ መርሐ ግብር ከፈተ፤ ተማሪው «ሪሚዲያል» የሚለው ነው። እኔ ክለሳ እለዋለሁ። ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ የተገባው ይህ ነገር ለሃያ አምስት ዓመቷ የሕክምና ምሩቅ ለምን እንደ ውርደት እንደሚታይ አይገባኝም።

ወደ ሕክምናው ልለፍ። በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም የሚባሉት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ሕፃን ነበሩ፤ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ህንድ ወሰዳቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1882 ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተመረቁ። ዶክተር መላኩ በያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1935 ከአሜሪካው ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው፣ ጣሊያን ሊወረን በተሰለፈበት ዓመት አገራቸው ገቡ። በዚያ ትውልድ የሐኪም ብቃት ምስክሩ የውጭ አገር ኮሌጅ ነበር።

የአገር ውስጡ ታሪክ የሚጀምረው ከጎንደር ነው። በደንቢያ ብዙ ሕዝብ የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ካለፈ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1964 አዲስ አበባ ላይ የሕክምና ፋኩልቲ ተቋቋመ። ከዚያም ጎንደርና ጅማ ሐኪሞችን ማስመረቅ ያዙ፤ ለረጅም ዘመን የሕክምና ትምህርት ቤት ሲባል እነዚህ ሦስቱ ነበሩ። ተማሪው ጥቂት ነበርና መምህሩ በስሙ ያውቀዋል፤ አልጋ ዳር አቁሞ ይጠይቀዋል፤ ከጎደለ እዚያው ዋርድ ውስጥ ያስደግመዋል። ዲፕሎማውና ፈቃዱ በሁለት ቀን የሚመጡ ሁለት ፍርዶች አልነበሩም።

ይህን የለወጠው ቁጥር ነው። በ2004 ዓ.ም. ብቻ አዲሱ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር በ13 ተቋማት በአንድ ጊዜ ተጀመረ። አገሪቱ ሐኪም አጥታ ነበርና ውሳኔውን ለማውገዝ አልቸኩልም። ነገር ግን ትምህርት ቤት ሲበዛ በዲፕሎማው ላይ ያለው እምነት ይሳሳል፤ እምነት ሲሳሳ ሌላ ምስክር ይፈለጋል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 661 የባለሙያዎችን ፈቃድ ከምግብና ከመድኃኒት ጋር በአንድ ባለ ሥልጣን ሥር አኖረው፤ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1112 ባለ ሥልጣኑ ለምግብና ለመድኃኒት ሲለይ፣ የባለሙያው ጉዳይ ወደ ጤና ሚኒስቴር ሄደ። በዚያው ዓመት አገር አቀፉ የጤና ባለሙያዎች የፈቃድ ፈተና ተጀመረ። ከአራት ዓመት በኋላ በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሲሰጥ ያለፉት 40.65 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ «ተመርቆ አለማለፍ» የሚባለው ሁኔታ ዛሬ የሐኪሙ ብቻ ሳይሆን የአንድ ትውልድ ዕጣ ሆኗል።

በዚህ ላይ አቋሜን ልናገር። ፈተናው ይቅር ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ከገጠር በቃሬዛ የመጣች ወላድ የሚያዋልዳትን ሐኪም መርምራ ልትመርጥ አትችልም፤ እሷን ወክሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። ጥያቄዬ ከጥያቄው በኋላ ስለሚሆነው ነው።

ከሩቅ አገር ሁለት ሰዎችን ልጥራ። ቻይና ከአንድ ሺሕ ዓመት በላይ ባለ ሥልጣኖቿን በፈተና ስትመርጥ ኖራለች፤ ከሚቀመጡት መካከል የሚያልፉት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። ሊ ሺጀን የተባለው ሰው የክፍለ ሀገሩን ፈተና ሦስት ጊዜ ተቀምጦ አላለፈም። አባቱ ሐኪም ነበርና ወደ አባቱ ሙያ ተመለሰ፤ ለሠላሳ ዓመት ያህል ደክሞ ያዘጋጀው የመድኃኒት መጽሐፍ እርሱ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1596 ታተመ፤ እስከ ዛሬም ይጠቀሳል። ሆንግ ሹችዋን የተባለው ሌላው ሰው ደግሞ ደጋግሞ ወደቀ፤ ታሞ ተኛ፤ በሕመሙ ራእይ አየ፤ ከዚያም ሚሊዮኖች ያለቁበትን የታይፒንግ ጦርነት መራ። ከዚህ ተነሥቼ «ተማሪ ካላለፈ አገር ይጠፋል» ብል ትስቁብኛላችሁ፤ ትክክልም ናችሁ። እኔ የማየው አንዱን ነገር ነው፤ ሊ ሺጀን ሲወድቅ የሚገባበት ቤት፣ የሚያስተምረው አባትና የሚይዘው ሥራ ነበረው።

የእኛዎቹስ? በአሞራ ገደል ያየኋቸው አራቱ ትምህርቱን ተከፋፍለውታል። አንዱ ውስጥ ደዌን፣ አንዱ ቀዶ ሕክምናን፣ አንዷ የሕፃናትን፣ ያቺ ተማሪዬ የማህፀንና ጽንስን ይዛለች። እያንዳንዱ የያዘውን ለሦስቱ ያስተምራል። ሳያውቁት አስቀጻይ ሆነዋል ማለት ነው። አንዱ በቀን ፎቶኮፒ ቤት ይሠራል፤ አንዷ የሰው ልጆች ታስጠናለች። ከሁሉ የከበዳቸው ድህነቱ እንዳልሆነ ነገሩኝ። የከበዳቸው በአንድ ነጥብ ያለፉት ጓደኞቻቸው በሥራ ላይ ሆነው የሚልኩት መልእክት ነው፤ ደግሞም ለምን እንደወደቁ የሚነግራቸው ሰው ማጣታቸው ነው። ቁጥሩን ያውቁታል፤ የት እንደጎደሉ ግን የሚያሳያቸው የለም። ሁለት ወር ሙሉ ከአልጋው ያልተነሣው አምስተኛው ጓደኛቸው ነበር። እርሱን ከቤት አውጥተው ወደዚህ ለማምጣት ሦስት ጊዜ ሞክረዋል። ባየኋቸው ዕለት አልመጣም ነበር።

በአሜሪካ የሚኖሩ ሐኪሞቻችን ይህን ኑሮ ያውቁታል። በአዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ሲሠራ የነበረ ሰው ዋሽንግተን ሄዶ መኪና ማቆሚያ ውስጥ እየሠራ የአሜሪካኑን የፈቃድ ፈተና ለዓመታት ያጠናል። እነርሱ ግን በባዕድ አገር ናቸው፤ ባዕድነታቸውንም አስቀድመው ተቀብለውት ሄደዋል።

እንግዲህ ለዚህ አዳራሽ የማቀርበው ነገር ትንሽ ነው። ያስመረቅናቸው ልጆች ፈተናውን እስኪያልፉ ድረስ የቤተ መጻሕፍት መታወቂያቸው ይታደስ። ስማቸው ከአንድ መምህር ስም ጋር ይጻፍ፤ ያ መምህር በወር አንድ ቀን ይጥራቸው። ይህ በጀት አያስፈልገውም። ክሊራንስ ላይ ከሚፈርሙት ክፍሎች አንዱ ፊርማውን ቢያዘገይ ይበቃል። እንደ መምህር ይህን ስል የምነካው ራሴን ጭምር ነው፤ ያቺ ልጅ ጠርታ ባታስቆመኝ ኖሮ ዓሣዬን በልቼ ወደ ቤቴ በሄድሁ ነበር።

ተማሪዬ ይህን እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ግን አልጠራም። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት አሞራ ገደል፣ ከዓሣ ገበያው ወደ ግራ ባለው ዛፍ ሥር ይገኛሉ። ካላችሁት መካከል የፋርማኮሎጂ መምህር ካለ እሱ ትምህርት ከአራቱ አንዳቸውም እንዳልያዙት ነግረውኛል። አምስተኛውም ልጅ ባለፈው ሐሙስ ለግማሽ ሰዓት መጥቶ ነበር ብላኛለች።

አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።