መድኃኒቱ ሳይሰጥ ደሙ ይጠየቅ

ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ስሙኝ። የምነግራችሁ ነገር ከጋሞ ደጋ ይነሳል፣ ባሕር ማዶ ይሻገራል፣ ተመልሶም አርባ ምንጭ ይገባል፤ መንገዱ ረጅም ነውና አንቸኩል።

ከጨንቻ ወይም ከዶርዜ ማልዶ የተነሳ ሰው፣ ጉሙ ከእንሰቱ ቅጠል ሳይገፈፍ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ይወጣል፤ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ እሱም አብሮ ይጠማዘዛል፤ ቁልቁል በወረደ ቁጥር አየሩ እየሞቀ ይመጣና ጋቢው ከራሱ ወደ ትከሻው፣ ከትከሻውም ወደ ክንዱ ይወርዳል፤ ከዚያም አባያና ጫሞ ከታች ተንጣለው ይታያሉ፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ። ሰውየው ወደ ጫኖ ወይም ወደ ላንቴ ይዘልቅና በሙዝ እርሻ ሥራ ይይዛል፤ ዝናቡም አባርቶ ውሃው በየጎድጓዳው ሲተኛ የወባ ትንኝ ትነሳለች። ከዚያ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ጤና ጣቢያ ሄዶ ኪኒን ይውጣል፤ ይሻለዋልም፤ ደመወዙንም በመቀነቱ ቋጥሮ ወደ ደጋው ይመለሳል።

ከወራት በኋላ ግን፣ የወባ ትንኝ በማይደርስበት ብርድ አገር፣ ከሸማው ሥራ ላይ ተቀምጦ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ሲል፣ ያው ትኩሳት ይነሳበታል። ማንም አልነከሰውም። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ከደም ቢጠፋም በጉበት ውስጥ ተኝቶ ይቆያልና፣ ቀን ጠብቆ የተነሳው እሱ ነው። ያን የተኛውን የሚያጠፋ መድኃኒት ግን አለ፤ ስሙም ፕሪማኩይን ይባላል።

አሁን ባሕር እንሻገር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመንና ከዚያም በኋላ፣ በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ስቴትቪል በሚባል ወህኒ ቤት፣ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች እስረኞችን በወባ እያስያዙ መድኃኒት ይፈትኑባቸው ነበር። ፈቅደው ገቡ ተባለ፤ የታሰረ ሰው ፈቃድ ግን ነፃ ሰው እንደሚሰጠው ፈቃድ አይደለም፣ ይህንንም ሳንናገር ማለፍ ተገቢ አይሆንም። ፕሪማኩይን ለብዙዎቹ ተስማማቸው፤ ከጥቁሮቹ እስረኞች ግን ከአሥሩ አንዱ ያህል መድኃኒቱን በወሰደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሽንቱ ይጠቁር፣ ዓይኑ ቢጫ ይሆን፣ ደሙም ያንስ ጀመር። ሐኪሞቹም የተጎዳውን ሰው ደም ወሰዱና ምልክት አድርገውበት ለጤነኛው ሰጡ፤ ከዚያም ጤነኛው መድኃኒቱን ሲወስድ የራሱ ደም ደህና ሆኖ ከሌላው የመጣው ደም ብቻ ፈረሰ። በዚህም ጉድለቱ በራሱ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ መሆኑ ታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1956ም የጎደለው ጂ6ፒዲ የተባለ ኢንዛይም መሆኑ ታትሞ ወጣ።

ይህ ኢንዛይም ምን ያደርጋል? ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ኦክስጅን ተሸክማ ትዞራለች፤ የተሸከመችው ኦክስጅን ግን ራሷንም ሊጎዳት ይችላል። ስለዚህ ጂ6ፒዲ ከስኳር ተነስቶ ኤን ኤ ዲ ፒ ኤች የምትባል ትንሽ ቅንጣት ይሠራላታል፤ ይህችም ግሉታታዮን የተባለውን ጠባቂ በደከመ ቁጥር ታድሰዋለች፣ እሱም ጎጂውን ሁሉ እየተቀበለ ያበርዳል። ሌሎች የአካል ሕዋሳት ይህችን ቅንጣት የሚያገኙበት ሌላም መንገድ አላቸው፤ ቀይዋ የደም ሕዋስ ግን ሌላ መንገድ የላትም። ኢንዛይሙ የጎደለበት ሰው በደህናው ቀን ምንም ሳይታወቀው ይኖራል፤ ፕሪማኩይን ሲገባ ግን ጠባቂው ያልቅና ሄሞግሎቢኑ ተበላሽቶ ይረጋል፣ ሕዋሷም በጣፊያና በደም ሥር ውስጥ ትፈርሳለች። በደጋችን የሚበቅለው ባቄላ ውስጥም ቪሲንና ኮንቪሲን የሚባሉ ነገሮች አሉ፤ ጉድለቱ ባለበት ሰው ላይ እነሱም ይህንኑ ጉዳት ሊያመጡ ይችላሉ፣ ይልቁንም እሸቱ። አዲስ የተወለደ ሕፃንም በዚሁ ጉድለት የተነሳ ክፉኛ ቢጫ ሊሆን ይችላል፤ እናቶች ይህን ልብ በሉ፣ ሕፃኑን ይዛችሁም ሳትዘገዩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

እንግዲህ ይህችን በዓይን የማትታይ ቅንጣት ማን ያያታል? ኤን ኤ ዲ ፒ ኤች በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ታበራለች። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ ቀድሞ በስቴትቪሉ ምርምር የነበረው ኧርነስት ቢውትለር ይህን ይዞ ቀላል ምርመራ አበጀ፤ ከጣት የተወሰደች ጠብታ ደም ከቅመሙ ጋር ትደባለቃለች፣ ወረቀት ላይ ትንጠባጠባለች፣ ትደርቃለች፣ ከዚያም ክፍሉ ይጨልምና መብራቱ ይበራል። ጠብታዋ ካበራች ኢንዛይሙ አለ፤ ከጨለመች ፕሪማኩይን እንደተለመደው አይሰጥም።

አንድ ነገር ግን ይቀራል። ጉድለቱ የሚወረሰው በኤክስ ክሮሞዞም ነው፤ ወንድ ልጅ ያለው አንድ ኤክስ ብቻ ነውና ከእናቱ የተበላሸውን ከወረሰ ጉድለቱ ሙሉ ይሆንበታል። ሴት ግን ሁለት ስላላት ግማሹ ሕዋሷ ደህና፣ ግማሹ ጎዶሎ ሊሆን ይችላል፤ ጠብታዋም ታበራና ደህና ነሽ ትባላለች፣ መድኃኒቱ ግን ሊጎዳት ይችላል። ለዚህ ነው አሁን የኢንዛይሙን መጠን በቁጥር የሚናገሩ በእጅ የሚያዙ መሣሪያዎች የመጡት።

በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች ጉድለቱን በደጋው ሕዝብ ጥቂት፣ በጋምቤላ ግን በርከት ብሎ አግኝተውታል። አርባ ምንጭም በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አላት። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2017 በአፍጋኒስታን፣ በኢትዮጵያ፣ በኢንዶኔዥያና በቬትናም ከ2,300 በላይ የቫይቫክስ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ሲካሄድ ከኢትዮጵያ ቦታዎች አንዷ እሷ ነበረች። የ14 ቀኑ ፕሪማኩይን በ7 ቀን ቢጠቃለል ይሠራ እንደሆነ ነበር የተጠየቀው፤ ሁለቱም እኩል ያህል ሠሩ፣ ፕሪማኩይን ካልወሰዱት ይልቅም ሕመሙ የተመለሰባቸው አምስት እጥፍ ያህል ቀነሰ። ነገር ግን መድኃኒቱን በየቀኑ የወሰዱት ደማቸው አስቀድሞ ተመርምሮ ኢንዛይማቸው ደህና ሆኖ የተገኘው ናቸው፤ ይህን አደራ ያዙልኝ።

የጋሞ ሽማግሌዎች በዱቡሻ ሸንጎ ሲቀመጡ ተበዳይም በዳይም ሳይሰማ ፍርድ አይሰጡም፤ መድኃኒትም እንዲሁ ነው፣ ደሙ ሳይሰማ አይሰጥ። ያው ኪኒን ሸማኔውን ከሚመላለስ ትኩሳት ይገላግለዋል፣ የጎረቤቱን ልጅ ደግሞ ደሙን ያፈርስበታል፤ ሁለቱም ልጆቻችን ናቸው። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ወባው ቫይቫክስ ነው ከተባላችሁና ፕሪማኩይን ከታዘዘላችሁ፣ ሳታፍሩ «ደሜ ለጂ6ፒዲ ታይቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ደህና ከተባላችሁም ተሻለኝ ብላችሁ አታቋርጡ፣ እስከ መጨረሻው ቀን ውሰዱት፤ ሽንታችሁ ከጠቆረ ግን መድኃኒቱን ተዉና በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ገስግሱ።