ውኃ የሚጠጣው ድንጋይ

በአንደኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ስለ ከበሩ ድንጋዮች ባሰፈረው ሰፊ ሐተታ ለኦፓል ልዩ ስፍራ ሰጥቶታል። የቀዩን ድንጋይ ፍም፣ የሐምራዊውን ወዝ፣ የአረንጓዴውን ጥልቀት በአንድ አካል አጣምሮ መያዙን ካደነቀ በኋላ ግን ወዲያው ወደ ማስጠንቀቂያ ይሻገራል፤ አጭበርባሪዎች በብርጭቆ አስመስለው የሚሠሩት እንደ ኦፓል ያለ ድንጋይ የለም ይላል። መለያውም ፀሐይ ናት። ድንጋዩ በጣት ተይዞ ወደ ብርሃን ሲነሣ ሐሰተኛው አንድ ቀለም ብቻ ያሳያል፤ እውነተኛው ቀለሙን ይለዋውጣል።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቢቀረውም፣ የጥያቄው ፍሬ ነገር አልተለወጠም። ይህ ድንጋይ ምንድን ነው? ከየት ምድር ወጣ? የሰው እጅስ ምን ጨመረበት? ጄሞሎጂ የሚባለው የከበሩ ድንጋዮች ጥናት የቆመው እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ለመመለስ ነው። ከሸዋና ከወሎ ተራሮች የወጣው ኦፓል የዓለምን ገበያ ከተቀላቀለ ወዲህ ደግሞ ጥያቄዎቹ ለኢትዮጵያም የቅርብ ጉዳይ ሆነዋል።

የኦፓል ቀለም እንዲህ የሚጫወተው በምን ምክንያት እንደ ሆነ ለዘመናት በትክክል አይታወቅም ነበር። መልሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አውስትራሊያዊው ሳንደርስና ባልደረቦቹ ድንጋዩን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ፣ እጅግ ደቃቅ የሆኑ የሲሊካ እንክብሎች በሥርዓት ተደርድረውና ተነባብረው አገኙ። እንክብሎቹ 3,000 ያህል ሆነው በአንድ ረድፍ ቢሰለፉ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞሉም። ብርሃን በእነርሱ መካከል ሲያልፍ ወደ ልዩ ልዩ ቀለማት ይበተናል፤ እንክብሎቹ ተለቅ ሲሉ ቀዩ፣ አነስ ሲሉ ሰማያዊው ይጎላል። በእንክብሎቹ መካከል ባዶ ስፍራ አለ። የኢትዮጵያን ኦፓል ዕድል የወሰነው በአመዛኙ ይኸው ባዶ ስፍራ ነው።

የኢትዮጵያ ኦፓል በውጭ ገበያ መታወቅ የጀመረው በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በሰሜን ሸዋ ከመዘዞ አካባቢ በወጣው ድንጋይ ነው። ይህ ኦፓል በእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ተድቦልቡሎ የሚገኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቡናማ ወይም ብርቱካናማ መልክ ያለው ነበር። በ1996 የአሜሪካ የጄሞሎጂ ተቋም መጽሔት የሆነው ጄምስ ኤንድ ጄሞሎጂ ጥናት አወጣበት። ይሁን እንጂ ከመዘዞ ከወጣው ድንጋይ ብዙው እየተሰነጠቀ ገዢውን ቅር አሰኘ። «የኢትዮጵያ ኦፓል» የሚለው ስም ገና ሳይደላደል ጥርጣሬ አደረበት።

በ2008 በወሎ፣ በደላንታ፣ ከወገል ጤና ከተማ አጠገብ ሌላ ኦፓል ተገኘ። ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ባላቸው የእሳተ ገሞራ ዐለቶች መካከል፣ በገደሉ ወገብ በሚያልፍ አንድ ስስ ንጣፍ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ የአካባቢው ሰዎች በእጅ መሣሪያ እየፈለፈሉ ያወጡት ጀመር። መልኩ ነጭ ወይም ብርሃን አስተላላፊ፣ የቀለሙ ጨዋታም እጅግ የደመቀ ነበር። በ1996 ስለ መዘዞ የጻፈው መጽሔት በ2010 ባወጣው ጥናት፣ የወገል ጤና ድንጋይ ከመዘዞው የተለየ ጠባይ እንዳለው ተመራማሪዎች አስረዱ፤ አንዳንዱ ናሙና ከ1.5 ሜትር ከፍታ በኮንክሪት ወለል ላይ ተጥሎ እንኳ አልተሰበረም። በአንዱ ድንጋይ ጉድለት የሌላው ስም መጥፋት እንደሌለበት ያሳየው ይህን የመሰለ የላቦራቶሪ ሥራ ነው።

የወገል ጤና ኦፓል ግን የራሱ ዐመል አለው። ብዙው ውኃ ይጠጣል። ያልተሟሸ ጀበና ውኃ እንደሚመጥ ሁሉ፣ ድንጋዩም በእንክብሎቹ መካከል ባለው ቀዳዳ ውኃ ይስባል፤ ክብደቱ ይጨምራል፤ ደብዛዛው መስተዋት መስሎ ይጠራል፤ የቀለሙ ጨዋታም ለጊዜው ሊጠፋ ይችላል። ሲደርቅ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። ባለሙያዎች ይህን ዓይነት ኦፓል ሃይድሮፌን ይሉታል።

ውኃ የሚገባበት ቀዳዳ ሌላም ነገር ያስገባል። ጥቁር ኦፓል ከነጩ ይልቅ ውድ ነውና፣ አንዳንዶች የወሎውን ድንጋይ የወተት ዕቃ እንደሚታጠን በጢስ እያጠኑ አጠቆሩት። ሌሎች በማቅለሚያ ነከሩት። በ2011 ደማቅ ሐምራዊ ኦፓል ወደ ገበያ ወጣና ከሜክሲኮ የመጣ ነው ተባለ። የአሜሪካው ተቋም ተመራማሪዎች ድንጋዩን ከመረመሩ በኋላ፣ ነጭ የወሎ ኦፓል ወስደው በቀላሉ በሚገኝ ማቅለሚያ ነክረው ተመሳሳዩን ሠሩ፤ ሐምራዊው መልክ ከማቅለሚያ የመጣ መሆኑም ተረጋገጠ። እንዲህ ያለው ድርጊት ጉዳቱ ድርብ ነው። ገዢው የማቅለሚያ ዋጋ ይከፍላል፤ ድንጋዩም ቀለሙ ሲለወጥ የትውልድ ስፍራው አብሮ ሊሰረዝ ይችላል።

ጢሱና ማቅለሚያው የሚለዩበት መንገድ አለ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ማቅለሚያው በስንጥቆችና በጎድጓዳ ስፍራዎች ይጠራቀማል፤ ጢሱም ከድንጋዩ ላይኛ ገጽ አጠገብ ይወፍራል። አሴቶን በነካ ጥጥ ሲታሽ አንዳንዱ ቀለሙን ይለቃል። ድንጋዩ የትኛውን የብርሃን ክፍል እንደሚውጥ የሚለካው ስፔክትሮስኮፕም የማቅለሚያውን አሻራ ያሳያል። ራማን የተባለው የጨረር ምርመራ ደግሞ የወሎውን ኦፓል ውስጣዊ አሠራር ከአውስትራሊያው ይለያል፤ ስለዚህ በጢስ የጠቆረ የወሎ ድንጋይ «የአውስትራሊያ ጥቁር ኦፓል» ተብሎ ቢቀርብ አያመልጥም። መርማሪው ራሱም ጥንቃቄ ያሻዋል። በሌሎች ድንጋዮች ላይ የብርሃንን ስብረት ለመለካት የሚደረገው የፈሳሽ ጠብታ ውኃ ጠጪውን ኦፓል ሊያበላሸው ይችላልና።

ይህ ሲባል የሰው እጅ የነካው ድንጋይ ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ጎረቤት ምሥራቅ አፍሪካ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አላት። በ1967 በሰሜን ታንዛኒያ ከአሩሻ ብዙም በማይርቀው በመሬራኒ ኮረብቶች የተገኘው ሰማያዊ ድንጋይ በመጀመሪያ ሰንፔር መስሎ ነበር። ሲመረመር ዞይሳይት የተባለ ማዕድን ሆኖ ተገኘ፤ በ1968 ቲፋኒ የተባለው የአሜሪካ ጌጣጌጥ ቤት ታንዛናይት ብሎ ሰየመው። ከመሬት ሲወጣ አብዛኛው ቡናማ ነው፤ ሰማያዊ የሚሆነው በ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ነው። ንግዱ ይህን ያውቃል፤ ቀለሙም ጸንቶ ይኖራል፤ ስለዚህ የሚከፋው የለም። በእሳቱና በጢሱ መካከል ያለው ልዩነት አንዱ በግልጽ ሲነገር ሌላው መደበቁ ነው።

መደበቅ ያስከተለው ዕዳ ደግሞ በንጹሑም ላይ ያርፋል። በ2013 በወሎ በተፈጥሮው ጥቁር የሆነ ኦፓል ተገኘ። ከዚያ በፊት ገበያው በጢስ የጠቆረውን አይቶ ነበርና፣ አዲሱ ድንጋይ የጥቁረቱን ምንጭ በላቦራቶሪ ማስመስከር ግድ ሆነበት። እውነተኛው በሐሰተኛው ምክንያት ተከሳሽ ሆኖ ቀረበ።

ዕዳው በመጨረሻ የሚወርደው ከገደሉ ወገብ ድንጋዩን ፈልፍሎ በሚያወጣው ሰው ላይ ነው። ስለ ማቅለሚያውም ሆነ ስለ ጢሱ የሚያውቀው ነገር ባይኖርም፣ ገዢ በተጠራጠረ ቁጥር የሚወድቀው የእርሱ ዋጋ ነው። የፕሊኒን ፀሐይ ማንም በነጻ ያገኛታል፤ ማይክሮስኮፑና ስፔክትሮስኮፑ ግን ገንዘብና ትምህርት ይጠይቃሉ። ድንጋዩ በሚወጣበት አገር እነዚህን መሣሪያዎች የሚያዝ ባለሙያ በበዛ መጠን፣ የወሎ ኦፓል ስለ ራሱ የሚመሰክርለት ሰው ከሩቅ መጠበቁ ይቀራል።