የማይታየው ብርሃንና የዓይን ጥበቃ

የአገራችን ሰው «ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» ይላል። ዳሩ ግን ዓይን ያላየውን ልብ ሊፈርደው አይችልምና፥ ሳይታይ የሚጎዳ ነገር ከሁሉ ይልቅ ያስፈራል።

ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በዲንሾ የሚኖር ሰው የፀሐይን ኃይል ያውቀዋል፤ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፥ ብርዱ አጥንት እየሰበረ እንኳ ፀሐይዋ ፊትን ታቃጥላለች። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጧት በላሊበላ እንደ ቀለበት ሆኖ የታየው የፀሐይ ግርዶሽ፥ በባሌ ደጋ በከፊል ታይቶ ነበር። ግርዶሽ ዓይንን የሚጎዳው ጥላው መርዝ ስላለበት አይደለም፤ ብርሃኑ ሲደበዝዝ ሰው ተደፋፍሮ አተኩሮ ስለሚመለከት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1945 የሆነውን ግርዶሽ ሲመለከት ሬቲናው፥ ማለት በዓይን በስተኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፥ የተቃጠለበትን አንድ ተማሪ ጀርመናዊው ሐኪም ጌርድ ማየር ሽቪከራት መረመረ። ከዚህም የተነሣ «ብርሃን የሚያቃጥል ከሆነ፥ በልክ ሲሆን ስለ ምን አያድንም?» ከሚል አሳብ ላይ ደረሰና፥ የፀሐይን ብርሃን በመስተዋት እየመራ የታመመ ሬቲናን ማከም ጀመረ።

በ1960 አሜሪካዊው ቴዎዶር ሜይማን የመጀመሪያውን ሌዘር ሠራ። በ1985 ዶና ስትሪክላንድና ዤራር ሙሩ እጅግ አጭርና እጅግ ብርቱ የሌዘር ምት የሚገኝበትን ዘዴ አወጡ፤ ስለዚህም በ2018 የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆኑ። ፌምቶሴኮንድ የሚባለው ጊዜ አንድ ሴኮንድ ለሚሊዮን ቢሊዮን ሲከፈል የሚገኘው ነው፤ በ100 ፌምቶሴኮንድ ብርሃን የሚሄደው 0.03 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

የአደጋው ምሥጢር እንዲህ ነው። ከ700 እስከ 1,400 ናኖ ሜትር ገደማ ያለው ኢንፍራሬድ ብርሃን ለዓይን አይታይም፤ ነገር ግን የዓይን ሌንስ ሰብስቦ በሬቲና ላይ በአንዲት ነቁጥ ያሳርፈዋል። ሰው የሚታየውን ብርሃን በቅጽበት ዓይኑን ጨፍኖ ይሸሻል፤ የማይታየውን ግን ከምን ይሸሻል? ቢያይም እንኳ ምቱ ሽፋሽፍት ከመንቀሳቀሱ በፊት አልፏል። ሬቲናም ሕመም አይሰማውምና ተጎጂው ጉዳቱን የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው።

በ1993 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በሙሩ ቤተ ሙከራ አንድ ተማሪ መከላከያ መነጽሩን ከፍ ባደረገ ጊዜ ምቱ ዓይኑን መታው። የመረመረው ሐኪም ሮን ከርትዝ የቁስሉን ነቁጥ ትክክለኛነት አይቶ ተደነቀ፤ ከዚያም ከሙሩ ባልደረቦች ጋራ ተባብሮ፥ ኮርኒያ የሚባለውን የዓይን የፊት ሽፋን ያለ ምላጭ የሚቈርጥ መሣሪያ አስገኘ።

እነሆ ሁለት ጊዜ የአንድ ተማሪ ጉዳት ለብዙዎች መድኃኒት ሆነ። ነገር ግን ያን ዋጋ ሌላ ተማሪ ዳግመኛ ሊከፍል አይገባም። ከዲንሾ ብዙ በማይርቀው በሮቤ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ልጆቻችን ከዚያም ሆነ ከባሕር ማዶ ሌዘር ካለበት ቤተ ሙከራ መግባታቸው አይቀርም። አረንጓዴ ብርሃን የምትሰጠው ትንሿ የእጅ ሌዘር እንኳ ማጣሪያዋ ከጎደለ የማይታይ ኢንፍራሬድ ልታወጣ ትችላለች። ስለዚህ መምህራን ለሞገዱ የተሠራውን መነጽር ሥራው እስኪፈጸም ከዓይን እንዳይለይ፥ ቀለበትና ሰዓትም ብርሃኑን እንዳይመልሱ አስቀድመው እንዲወልቁ ያስተምሩ። ዓይን ሳያይ የሚጠብቀው ዕውቀት ብቻ ነውና።