ፓርቲ የሚቀያይሩ ተመራጮች እና የሕንድ ሕግ

በሕንድ ሃሪያና ግዛት ጋያ ላል የተባሉ የምክር ቤት አባል እ.ኤ.አ በ1967 በሁለት ሳምንታት ውስጥ ሦስት ጊዜ ፓርቲ ቀያየሩ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ተመራጭ በሀገሬው ዘንድ “አያ ራም፣ ጋያ ራም” ይባላል፤ “ራም መጣ፣ ራም ሄደ” እንደ ማለት ነው።

መራጩ ለአንዱ ፓርቲ የሰጠው ድምጽ ሌላው ፓርቲ እጅ የሚገባበትን ይህን ልማድ ለመግታት፣ እ.ኤ.አ በ1985 የሀገሪቱ ሕገ መንግሥት ተሻሻለ። በማሻሻያው መሠረት ፓርቲውን በፈቃዱ የለቀቀ ወይም የፓርቲውን ትዕዛዝ ጥሶ ድምጽ የሰጠ አባል ወንበሩን ያጣል። ውሳኔውን የሚሰጡት አፈ ጉባኤው ናቸው፤ እርሳቸው አብዛኛውን ጊዜ የገዢው ፓርቲ ሰው መሆናቸው ግን ሕጉን ለሐሜት አጋልጦታል።

ሕጉ ይበልጥ ያጠናከረው የፓርቲ መሪዎችን ነው። ከገጠር የተመረጠ ተወካይ አንድ ረቂቅ አዋጅ አርሶ አደሩን ይጎዳል ብሎ ቢያምን እንኳ፣ ፓርቲው “ደግፍ” ካለው መደገፍ አለበት፤ እምቢ ካለ ወንበሩ ለአደጋ ይጋለጣል።

ክዳቱም ቢሆን መልኩን ቀየረ እንጂ አልቀረም። ቀድሞ ከአንድ ፓርቲ የምክር ቤት አባላት አንድ ሦስተኛው ተገንጥለው ቢወጡ አይቀጡም ነበር። ይህ እ.ኤ.አ በ2003 ተሰረዘ፤ ሁለት ሦስተኛው ከሌላ ፓርቲ ጋር ለመዋሐድ ከተስማሙ ግን ዛሬም ወንበራቸው አይነካም። ብቻውን የከዳ ይቀጣል፤ በጅምላ የከዳ ይድናል። እ.ኤ.አ በ2019 በጎዋ ግዛት ከ15 የኮንግረስ ፓርቲ አባላት 10ሩ በአንድ ጊዜ ወደ ባራቲያ ጃናታ ፓርቲ የገቡት በዚሁ ቀዳዳ ነው።

በዚያው ዓመት በካርናታካ ግዛት 17 አባላት በክዳት ከወንበራቸው ተነሡ፤ ብዙዎቹ ግን ከወራት በኋላ በተካሄደ የማሟያ ምርጫ በአዲሱ ፓርቲያቸው ስም ተወዳድረው ወደ ምክር ቤቱ ተመለሱ።