በሰሃራ በረሃ የጠፉ ወታደራዊ አውሮፕላኖች

ዘጠኝ ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍነው የሰሃራ በረሃ በአቪዬሽን ታሪክ በርካታ ወታደራዊ አውሮፕላኖች ጠፍተው የቀሩበት ስፍራ ነው። በሰነድ በሚገባ የተመዘገቡት አደጋዎች ሲመረመሩ አንድ ጉዳይ ጎልቶ ይታያል። አውሮፕላኑ መሬት በነካበት ቅጽበት ሕይወታቸውን ያጡት ጥቂቶች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ የሞቱት በተከታዮቹ ቀናት ነው። ለሞት ያበቃቸውም ያሉበትን ስፍራ አለማወቃቸው፣ የውኃ እጥረትና ፍለጋው በሌላ አቅጣጫ መካሄዱ ወይም መዘግየቱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀደም ካሉት አደጋዎች በስፋት የሚታወቀው በ1920 የደረሰው ነው። የፈረንሣይ ጦር በዚያው ዓመት ከአልጀርስ ተነስቶ ሰሃራን በአየር ለማቋረጥ ባካሄደው ሙከራ፣ የበረሃውን ግመለኛ ጦር በማደራጀት ስማቸው የገነነው ጄኔራል ፍራንሷ አንሪ ላፔሪን በተሳፋሪነት ተካፍለው ነበር። ፌብሩዋሪ 18 ቀን ከታማንራሴት ወደ ደቡብ የተነሳው አውሮፕላናቸው አቧራ በሸፈነው ሰማይ መንገዱን ሳተ። ነዳጁ አልቆ በአሸዋ ላይ ሲያርፍም ተገለበጠ። አብራሪውና መካኒኩ በደህና ሲተርፉ ጄኔራሉ ክፉኛ ተጎዱ። ሦስቱም በእግር ለመውጣት ሞክረው ስላልሆነላቸው ወደ አውሮፕላኑ ተመለሱ፤ ለሞተር ማቀዝቀዣ የተያዘውንም ውኃ መጠጣት ጀመሩ። ላፔሪን ማርች 5 ቀን አረፉ። ሁለቱን ባልደረቦቻቸውን ከጥቂት ቀናት በኋላ የግመለኛው ጦር ወታደሮች በሕይወት አገኟቸው። አብሯቸው የተነሳው ሌላው አውሮፕላን ግን በረሃውን አቋርጦ እስከ ዳካር ዘልቋል። ላፔሪን በዘመኑ ሰሃራን ጠንቅቀው ከሚያውቁ አውሮፓውያን የጦር መኮንኖች ግንባር ቀደሙ ነበሩ። ይሁንና ዕውቀታቸው በግመል ጀርባ የተገኘ በመሆኑ ከአየር ላይ ብዙም አልረዳቸውም።

በዚያን ዘመን አብራሪዎች የሚመሩት ፍጥነትን፣ አቅጣጫንና የበረራ ሰዓትን እያሰሉ ነበር። ስሌቱ በየጊዜው በወንዝ፣ በመንገድ ወይም በከተማ መታረም ሲኖርበት፣ በሰሃራ ግን ለዚህ የሚሆን ምልክት በመቶዎች ኪሎ ሜትር ውስጥ ላይገኝ ይችላል። ነፋሱ አውሮፕላኑን ጥቂት ዲግሪ ወደ ጎን ቢገፋው ስህተቱ በየደቂቃው እየሰፋ ይሄዳል። የኦአሲስ ሠፈር ደግሞ ከአየር ሲታይ ጠባብ ዒላማ በመሆኑ በትንሽ ስህተት አልፈውት ይሄዳሉ።

በሜይ 1942 በደቡብ ምሥራቅ ሊቢያ በምትገኘው ኩፍራ የደረሰው አደጋ ይህንኑ ያሳያል። ኩፍራ በማርች 1941 ከኢጣሊያ ጦር እጅ የወጣች ስትሆን፣ የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል 15ኛ ስኳድሮን ብሌንሃይም የተባሉ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችን በዚያ አሠማርቶ ነበር። ሜይ 4 ቀን 1942 ሦስት አውሮፕላኖች 12 ሰዎችን ይዘው አካባቢውን ለመለማመድ ተነሱ። ከበረራ ሠራተኞቹ መካከል በበረሃ ላይ የመምራት በቂ ልምድ ያለው አልነበረም። መንገድ ሳቱ፤ ሦስቱም አውሮፕላኖች በረሃው ላይ ለማረፍ ተገደዱ። የቀረውን ነዳጅ ተጠቅመው ከአውሮፕላኖቹ አንዱን እንደገና በማስነሳት ኩፍራን ለመፈለግ ያደረጉት ሙከራም ፍሬ አላስገኘም።

የያዙት ውኃ ለጥቂት ቀናት እንኳ የሚበቃ አልነበረም። ሙቀቱ ሲበረታባቸው ሰውነታቸውን ለማቀዝቀዝ የእሳት ማጥፊያ ፈሳሽ በላያቸው ረጩ፤ ፈሳሹ ግን ቆዳቸውን አቆሰለው። ፍለጋው በአሸዋ አውሎ ነፋስ ተሰናከለ። ፈላጊዎች ከሳምንት ገደማ በኋላ ሲደርሱ ከ12ቱ በሕይወት ያገኙት አንድ ሰው ብቻ ነበር። አሥራ አንዱ የሞቱት አውሮፕላኖቹ በሰላም ካረፉ በኋላ መሆኑ በወቅቱ በተካሄደው ምርመራ ተረጋግጧል።

ከዚህ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ጁን 28 ቀን 1942፣ የእንግሊዝ አየር ኃይል 260ኛ ስኳድሮን አብራሪ የነበረው የ24 ዓመቱ ዴኒስ ኮፒንግ በግብፅ ምዕራባዊ በረሃ ላይ ጠፋ። ኮፒንግ ያበረው የነበረው ኪቲሃውክ የተባለ ተዋጊ አውሮፕላን ጉዳት የደረሰበት ሲሆን፣ ለጥገና ወደ ሌላ የአየር ጣቢያ በማድረስ ላይ ነበር። አውሮፕላኑ ለ70 ዓመታት ያህል ሳይታይ ቆይቶ በ2012 በነዳጅ ፍለጋ ሥራ ላይ የነበረ የፖላንድ ዜጋ አገኘው። አካሉ አብዛኛው እንዳለ ነበር። ፓራሹቱ በአውሮፕላኑ አጠገብ ለጥላ ተዘርግቶ መገኘቱና የመገናኛ ሬዲዮው ከቦታው ተነቅሎ መውጣቱ፣ አብራሪው ካረፈ በኋላ በሕይወት እንደነበርና እርዳታ ለመጥራት እንደሞከረ ያመለክታሉ። አስከሬኑ ግን አልተገኘም።

ከሁሉም በላይ የተጠናው "ሌዲ ቢ ጉድ" የሚል ስም የተሰጠው የአሜሪካ ቦምብ ጣይ ጉዳይ ነው። ይህ ቢ-24 ሊቤሬተር አውሮፕላን ኤፕሪል 4 ቀን 1943 በቤንጋዚ አቅራቢያ ከሚገኘው የሶሉክ አየር ጣቢያ ዘጠኝ ሰዎችን ይዞ የኢጣሊያን የኔፕልስ ወደብ ለመደብደብ ተነሳ። ለአብራሪው ሌተናንት ዊሊያም ሃተንና ለባልደረቦቹ የመጀመሪያ ግዳጃቸው ነበር። አውሮፕላኑ ከሌሎቹ ተለይቶ ሌሊት ብቻውን ሲመለስ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከምድር ጣቢያ አቅጣጫ እንዲነገረው በሬዲዮ ጠየቀ።

በአጥኚዎች ዘንድ ሰፊ ተቀባይነት ያገኘው ማብራሪያ እንዲህ ነው። የምድር ጣቢያው መሣሪያ የሬዲዮ ድምፁ የሚመጣበትን መስመር ይለካ ነበር እንጂ፣ በዚያው መስመር ላይ አውሮፕላኑ ከጣቢያው ወዲህ ይሁን ወዲያ ለይቶ ማወቅ አይችልም ነበር። አውሮፕላኑ ጣቢያውን አልፎ ወደ በረሃው ገብቶ ሳለ ገና ከባሕሩ በኩል እየመጣ ነው ተብሎ ታሰበ። የበረራ ሠራተኞቹም ከታች ያለው ጨለማ ሜዲትራኒያን ባሕር መስሏቸው ለሁለት ሰዓት ገደማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ በረሩ። ነዳጁ ሲያልቅ ዘጠኙም በፓራሹት ዘለሉ። የአንዱ ፓራሹት በሚገባ ባለመከፈቱ ሲሞት፣ ስምንቱ በምድር ላይ ተገናኙ።

ባሕሩ ቅርብ እንደሆነ በማመን ወደ ሰሜን ምዕራብ ጉዞ ጀመሩ። በእጃቸው የነበረው ውኃ አንድ ኮዳ እንኳ የማይሞላ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን የሚደርሰው ከኮዳው ክዳን አይበልጥም ነበር። ፈላጊዎች እንዲከተሏቸው ጫማቸውንና የፓራሹት ቁራጭ በድንጋይ እየጫኑ ምልክት ትተዋል። አምስቱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ መቀጠል ሲያቅታቸው፣ ሦስቱ እርዳታ ፍለጋ ወደ ፊት ሄዱ፤ ከእነዚህም አንዱ ሌላ 40 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዙ ታውቋል። የረዳት አብራሪው የሮበርት ቶነር ማስታወሻ ደብተር እስከ ኤፕሪል 12 ድረስ ተጽፎበታል፤ ይህም ስምንት ቀን መሆኑ ነው። ሐኪሞች በዚያ ሁኔታ ሰው ሊቆይ ይችላል ብለው ከሚገምቱት እጅግ የራቀ ነው።

አውሮፕላኑ ሰው አልባ ሆኖ ጥቂት ከበረረ በኋላ፣ ከዘለሉበት ስፍራ በስተደቡብ 26 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ብዙም ሳይሰባበር አርፎ ነበር። በውስጡ የሚጠጣ ውኃ፣ ምግብና የሚሠራ ሬዲዮ ነበር። ወደ ደቡብ ባለመሄዳቸው ግን ሊወቀሱ አይገባም፤ አውሮፕላኑ ወዴት እንደወደቀ የሚያውቁበት መንገድ አልነበረም።

ፍለጋው የተካሄደው በባሕሩ ላይ ነው። ውጤት ስላልተገኘም አውሮፕላኑ ሜዲትራኒያን ውስጥ ሰጥሟል የሚል ግምት ተይዞ ጉዳዩ ተዘጋ። ይህ ግምት ያስከተለው መዘዝ የታየው በኖቬምበር 1958 የእንግሊዝ ነዳጅ አሳሾች ፍርስራሹን ከአየር ላይ አይተው በሊቢያ ለነበረው የአሜሪካ ዊለስ የአየር ኃይል ጣቢያ ባመለከቱ ጊዜ ነበር። በዚያ አካባቢ የጠፋ አውሮፕላን በመዝገብ ባለመኖሩ ጥቆማው ወዲያው እርምጃ አልተወሰደበትም። በ1959 መጀመሪያ አሳሾቹ ራሳቸው በምድር ደርሰው ሲያረጋግጡ ብቻ ምርመራ ተጀመረ። በ1960 የስምንቱ ሰዎች አስከሬን ሲገኝ የአንዱ ሳይገኝ ቀርቷል።

ከፍርስራሹ የተወሰዱ ዕቃዎች የተገጠሙባቸው የጭነትና የማመላለሻ አውሮፕላኖች ኋላ አደጋ ደረሰባቸው እየተባለ ብዙ ተወርቷል። አንዱ ጭነቱን ከአየር ላይ ጥሎ እንደተረፈ፣ ሌላው ባሕር ላይ እንደወደቀ ይነገራል። ወሬው ከአደጋው ይበልጥ ዝና ቢያገኝም፣ ከዕድል ግጥምጥሞሽ ያለፈ ማስረጃ አልቀረበበትም።

የፍለጋና ነፍስ አድን ሥራ በዓለም አቀፍ ደረጃ መልክ የያዘው ከጦርነቱ በኋላ ነው። በርካታ አገሮች በዲሴምበር 1944 በቺካጎ የፈረሙት የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት፣ አባል አገሮች በግዛታቸው ውስጥ ችግር ለገጠመው አውሮፕላን እርዳታ እንዲሰጡ ያስገድዳል። ዝርዝሩን የያዘው 12ኛው አባሪ በ1950 ጸድቋል። ስምምነቱ ወታደራዊ አውሮፕላኖችን በቀጥታ አይመለከትም። ሆኖም ፈላጊው አካል የጠፋው አውሮፕላን የማን እንደሆነ ቀድሞ የሚያውቅበት ጊዜ ጥቂት በመሆኑ፣ በተግባር የሲቪሉና የወታደሩ ማዕከላት ተባብረው መሥራታቸው የተለመደ ነው። ካናዳ፣ ፈረንሣይ፣ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በ1979 የመሠረቱት ኮስፓስ ሳርሳት የተባለው የሳተላይት ሥርዓት በ1982 የመጀመሪያዎቹን ሰዎች ሕይወት አትርፏል። አንድ አውሮፕላን ሲወድቅ በራሱ ምልክት የሚያሰራጭ መሣሪያ ከያዘ፣ በምድር ላይ ያለበትን ስፍራ ሳተላይቱ ለነፍስ አድን ማዕከላት ያስታውቃል።

የኮፒንግ ኪቲሃውክ ከበረሃው ተነስቶ ወደ ኤል አላሜይን ወታደራዊ ሙዚየም ተወስዷል። የ"ሌዲ ቢ ጉድ" ፍርስራሽ ደግሞ ለረጅም ዓመታት በጎብኚዎችና ዕቃ ሰብሳቢዎች እጅ ሲበተን ከቆየ በኋላ፣ በ1994 ከወደቀበት ስፍራ ተነስቶ በቶብሩክ አካባቢ ወደሚገኝ የሊቢያ የጦር ሠፈር እንዲዛወር ተደርጓል።