ሊትልፊንገር ገሙ ጎፋ ሲሾም

ጌም ኦፍ ትሮንስን በፍላሽ እያስቀዳን ካየን ጓደኞቻችን መካከል ስለ ሊትልፊንገር የራሱ መላምት የሌለው ሰው እስካሁን አልገጠመንም። በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ሰባተኛው ሲዝን ሲያልቅ ሰውየው ሳንሳ ፊት ለፍርድ ቀርቦ፣ በአርያ ጩቤ ጉሮሮው ተቆርጦ ወደቀ። ግማሻችን አላመንንም። «የሞተው እሱ አይደለም፤ ፊት ከሚቀያይሩት ነፍሰ ገዳዮች አንዱን ተክቶ ሄዷል» የሚል ወገን ተነሣ። ማስረጃው ምንድን ነው? ቀደም ባለ ክፍል ለአንዲት ልጅ ሳንቲም ሲሰጥ ታይቷል። በቃ። ስምንተኛው ሲዝን በ2011 ዓ.ም. መጥቶ ሄደ፣ ሰውየው አልተነሣም፤ መላምቱ ግን እስካሁን በሕይወት አለ።

ሊትልፊንገር መቼም ሰው የሚወድደው ዓይነት ተንኮለኛ ነው። ትልቅ ዘር የለውም፣ ጦር የለውም፣ ያለው ጆሮና ምላስ ብቻ ነው። በዚያ ግን ትልልቆቹን ቤቶች እርስ በርስ አባላ። እኛን የሚገርመን የአርባ ምንጭ ልጅ ስለ ዌስተሮስ የግምጃ ቤት ሹም ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከር፣ ከዚያ የማይተናነስ የቤተ መንግሥት ሰው በዚሁ በኛ አገር ተሹሞ እንደነበር አለመስማቱ ነው።

ሰውየው ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። ከመኳንንት ወገን አልተወለዱም። ከንጉሡ ጋር ተሰደው በ1933 ዓ.ም. አብረው ተመለሱ፤ የጽሕፈት ሚኒስትር ሆነው እስከ 1947 ዓ.ም. ድረስ ከዙፋኑ ቀጥሎ የሚፈሩት ሰው እሳቸው ነበሩ። ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ ጠቅላይ ሚኒስትር የሚባሉት እንኳ መኮንን እንዳልካቸው ናቸው። ግን (ልብ በሉ) ጠቅላይ ሚኒስትሩ ልብ ወለድና ተውኔት ይጽፋሉ፣ ትእዛዝ የሚጽፈው ሌላ ሰው ነው። ጉልበቱም እዚያ ላይ ነበር። ንጉሡ አብዛኛውን ነገር በቃል ያዛሉ። ያንን ቃል ወደ ወረቀት የሚያወርደው፣ ማኅተሙን የሚይዘው፣ አዋጁን በነጋሪት ጋዜጣ የሚያወጣው ጸሐፌ ትእዛዙ ነው። የነዚያን ዓመታት ነጋሪት ጋዜጣ ገልጣችሁ እዩ፤ በየአዋጁ ግርጌ የሳቸው ስም አለ።

አሁን የተራውን ሰው ቦታ አስቡት። አንድ ሹም ይሻራል፣ አንድ መሬት ከአንዱ ተነጥቆ ለሌላው ይሰጣል፤ ምክንያቱን የሚናገር የለም። በራድዮ የሚሰማው ሹም ሽሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው ይገምታል። «ንጉሡ መቼ አወቁ? ይሄ የጸሐፌ ትእዛዙ ሥራ ነው» ይላል። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ በሚባልበት አገር የሚከሰሰው ንጉሡ አጠገብ የቆመው ነው። ድራማውን የሚያይ ሰው ከመጋረጃው ጀርባ ማን እንዳለ ለማወቅ ሳንቲም እንደሚቆጥር ሁሉ፣ ያ ትውልድም ማን እልፍኝ ገባ፣ ማን ደጅ ቀረ እያለ ይቆጥር ነበር።

በ1947 ዓ.ም. ጸሐፌ ትእዛዙ ወደቁ። አርሲን እንዲገዙ ተላኩ፤ ከዚያም ገሙ ጎፋን። ስለ አወዳደቃቸው የሚነገረው ብዙ ነው፤ ዋናው ተቀናቃኛቸው መኮንን ሀብተ ወልድ እንደነበሩ ግን የታወቀ ነው። መኮንን በየቦታው ወሬ የሚያመጡላቸው ሰዎች ነበሯቸው (ድራማውን ያያችሁ፣ ቫሪስን አስታወሳችሁ አይደል?)። ወንድማቸው አክሊሉ ሀብተ ወልድ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ጸሐፌ ትእዛዝ ተብለው ጠቅላይ ሚኒስትርነቱንም ያዙ።

እኛ ግን «መኮንን አሸነፉ» የሚለውን መላምት ሙሉ በሙሉ አንቀበልም። ያን ዘመን ያጠኑ ሰዎች የሚስማሙበት ነገር ቢኖር ንጉሡ አንዱን ወገን በሌላው እያመዛዘኑ ይገዙ እንደነበር ነው። አንዱ ሲገዝፍ ሌላውን ያስጠጋሉ፣ ወሬም ከሁሉም ለየብቻው ይሰማሉ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ወልደ ጊዮርጊስን ከፍ አድርገው ያቆሙት ማን ሆነና? ሕዝቡ በተንኮለኛው ሹም ሲማረር፣ ተንኮለኛውን የሾመው እጅ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ከወደቀም በኋላ «ንጉሡ ነቁበት» ተብሎ ይመሰገናል። ለዙፋን እንደ ሊትልፊንገር ያለ ጥሩ ጋሻ የለም።

የቀሩት መጨረሻ ደግሞ የሚታወቅ ነው። መኮንን ሀብተ ወልድ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በነመንግሥቱ ነዋይ መፈንቅለ መንግሥት ጊዜ ቤተ መንግሥት ውስጥ ተገደሉ። አክሊሉ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ከስልሳዎቹ ጋር ተረሸኑ። ወልደ ጊዮርጊስ በሁለቱም ዝርዝር ውስጥ የሉም። ይህን የነገርነው አንድ ወዳጃችን ወዲያውኑ «በቃ፣ ሆን ብለው ነው የተሻሩት!» ብሎ አዲስ መላምት ጀምሯል። ሱስ ነው።

ወደ ገሙ ጎፋ እንመለስ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ ያኔ ግን ሽረቱም ራሱ ሹመት ነበር። ጎረቤታችንን ወላይታን ተመልከቱ። ገርማሜ ነዋይ እዚያ አውራጃ ገዥ ሆነው ለገበሬ መሬት ሲሰጡ ባለርስቶቹ ከሰሷቸው፤ ተነሥተው ጅጅጋ ተሾሙ። ጅጅጋም ቅጣት መሆኗ ነው። ከአዲስ አበባ ሲታይ ካርታው እንዲህ ነበር፦ መሀሉ መድረክ፣ ዳሩ ከመድረክ የወረደ ሰው የሚጣልበት። ድራማው ላይ ሰውየው ከቤተ መንግሥት ሲወጣ ክፍሉ ያልቃል። እኛ ጋ ግን የሚጀምረው ያኔ ነው፤ ምክንያቱም የተቀየመው ሰው ከነአጃቢው መጥቶ የሚያዝዘው እዚህ ነው።

አርባ ምንጭ ከመቆርቆሯ በፊት የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ጨንቻ ነበረች፤ ከዚህ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ፣ ጉምና ብርድ የማይለያት ከተማ። በዙሪያዋ ያለው የጋሞ ደጋ በ1890 ዓ.ም. ግድም ወደ ምኒልክ ግዛት ከመግባቱ በፊት በብዙ ትንንሽ አገሮች ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ የራሱ ካዎና ሀላቃ ነበረው። ጉዳይ የሚታየው ዱቡሻ ላይ ነው፤ ሜዳ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሽማግሌው እየተነሣ ሲናገር ሁሉም ይሰማል። ማን ምን አለ ብሎ መገመት አያስፈልግም፣ ሲል ሰምተኸዋልና። ዱቡሻ ገነት ነበር አንልም፤ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው እኩል አይቆጠሩም ነበር፣ ሴቶችም እንደዚያው። ቢሆንም ሀላቃ ጥፋተኛ ሲባል የሚባለው ፊቱ ላይ ነው፤ ሲሻርም የሻረው ጉባኤ ራሱ በአደባባይ ይሽረዋል እንጂ ጥፋቱን ለጎረቤት አገር ገዥ አድርጎ አይልከውም።

ጸሐፌ ትእዛዙ የተላኩት አጥፍተው ነው እንበል። ለንጉሡም እውነት ሸፍጠውባቸው ነበር እንበል። ጨንቻስ ምን አጥፍታ ነው?